አፕዴት ያቆመ ስልክ ለቴሌብርና ለባንክ ይታመናል? (ጋላክሲ ኤስ9 እና አይፎን 7)

ናሆም_22 (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ሁለት ስልክ አለ። አንደኛው ከአሜሪካ የተላከ ሳምሰንግ ጋላክሲ ኤስ9 ነው፤ ሞዴሉ ኤስኤም-ጂ960ዩ፣ አንድሮይድ 10፣ ሴኩሪቲ ፓቹ (የደህንነት ማስተካከያው) 2022 ላይ ቆሟል። አፕዴት ፈልግ ሲባል «ሶፍትዌርዎ የቅርብ ጊዜው ነው» ብሎ ይመልሳል። ሁለተኛው አይፎን 7 ነው፣ አይኦኤስ 15። የሁለቱም ባትሪ ደህና ነው፣ ፍጥነታቸውም አያስከፋም።

ኤስ9ኙን እናቴ ልትይዘው ነው። የምትጠቀመው ቴሌብር፣ የንግድ ባንክ አፕ፣ ቴሌግራም፣ ዋትስአፕና ዩቲዩብ ብቻ ነው። ማወቅ የምፈልገው፦ አደጋው በትክክል የቱ ጋ ነው? «ሀክ ትደረጋለህ» ከሚል ማስፈራሪያ ያለፈ መልስ ቢሆን ደስ ይለኛል። ካስተም ሮም (ከአምራቹ ውጭ የተሠራ አንድሮይድ) ቢጫን ይፈታዋል? ገንዘብ ነክ አፕ ይጫንበት ወይስ አይጫንበት? መግዛት ግድ ከሆነ ደግሞ ያገለገለ ስልክ ሲገዛ ምኑ ይታያል?

ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።

ሽቦ_አልባ

«የቅርብ ጊዜው ነው» የሚለው መልስ ብዙ ሰው ያታልላል። ለዚያ ሞዴል ከወጣው የመጨረሻው ተጭኗል ማለቱ ነው እንጂ ስልኩ ዛሬም እየተጠበቀ ነው ማለቱ አይደለም። የሚታየው ቀኑ ነው፦ ሴቲንግ፣ አባውት ፎን፣ ሶፍትዌር ኢንፎርሜሽን፣ ከዚያ አንድሮይድ ሴኩሪቲ ፓች ሌቭል።

ድጋፍ አለቀ ሲባል ስልኩ ሙሉ በሙሉ በአንድ ቀን አይሞትም። እያንዳንዱ ክፍል የሚታደስበት መንገድ ለየብቻ ስለሆነ የሚያረጀውም ለየብቻ ነው።

አፖቹ ከፕሌይ ስቶር ስለሚታደሱ አምራቹ ቢያቆምም ይቀጥላሉ። የሚቆሙት አፑ የሚጠይቀው ዝቅተኛ የአንድሮይድ ስሪት ከስልኩ ሲበልጥ ነው።

ክሮምና አንድሮይድ ሲስተም ዌብቪው እንደዚሁ ከፕሌይ ስቶር ይመጣሉ። ዌብቪው ማለት አንድ አፕ በራሱ ውስጥ ድረ ገጽ ሲከፍት የሚጠቀምበት ሞተር ነው። ስለዚህ ክሮምን የማይነካ ሰውም ይጠቀምበታል። ከ139ኛው ስሪት፣ ማለትም ከኦገስት 2025 ጀምሮ ክሮም አንድሮይድ 10 እና ከዚያ በላይ ነው የሚፈልገው፤ አንድሮይድ 8 እና 9 በ138 ላይ ቀርተዋል። ኤስ8 በአንድሮይድ 9 ስለቆመ ከመስመሩ ወጥቷል። ያንተ ኤስ9 ጫፉ ላይ ነው ያለው። በእኔ እምነት የአንድ ስልክ እውነተኛ ጡረታ አምራቹ ያወጀው ቀን ሳይሆን ዌብቪው መታደስ ያቆመበት ቀን ነው፤ ምክንያቱም ከማንም የመጣ ገጽና ኮድ በየቀኑ የሚያልፈው በዚያ በኩል ነው።

ሦስተኛው ከአንድሮይድ 10 ጀምሮ የመጣው ጉግል ፕሌይ ሲስተም አፕዴት ነው። የቪዲዮና የድምፅ ፋይል የሚፈቱ ክፍሎችን ያለ አምራቹ እጅ ማደስ ያስችላል። በ2015 ስቴጅፍራይት የተባለው ቀዳዳ የነበረው በዚሁ ሚዲያ በሚፈታው ክፍል ውስጥ ነበር፤ የተመረዘ ኤምኤምኤስ (ቪዲዮ የያዘ መልእክት) መላክ ብቻ ይበቃ ነበር። ነገር ግን በ8 ወይም በ9 ወጥተው ወደ 10 ያደጉ አንዳንድ ስልኮች ላይ ይህ ቀን ጨርሶ አይንቀሳቀስም። ስለዚህ ካንተ ስልክ ላይ ቀኑን አይተህ ጻፍልን።

የቀረው ከርነሉ (የስርዓቱ እምብርት)፣ የቺፑ ድራይቨሮች (ቺፑን ከስርዓቱ የሚያገናኙ)፣ የብሉቱዝና የዋይፋይ ፈርምዌር (በክፍሉ ውስጥ ያለ ሶፍትዌር)፣ ሞደሙ (ከኔትወርክ የሚያገናኘው ክፍል) ነው። እነዚህን ከአምራቹ በቀር ማንም አያድሳቸውም። ያንተ 2022 ላይ የቆመው ይህ ነው።

ጉዳቱ እንዲህ ይመጣል። አንድ አጥቂ ስልክ ለመያዝ ብዙ ጊዜ ሁለት ቀዳዳ ያስፈልገዋል፤ አንዱ ወደ አፑ መግቢያ፣ ሁለተኛው ከአፑ ወጥቶ ስርዓቱን መያዣ። አዲስ ስልክ ላይ ሁለተኛው ውድ ነው። ከ2022 ወዲህ በየወሩ የታወጁት የከርነል ቀዳዳዎች ግን ያንተ ስልክ ላይ ክፍት ናቸው፤ የአንዳንዶቹም ኮድ በይፋ ይገኛል። በአንድ አፕና በሌላ አፕ መካከል ያለው ግድግዳ ሳስቷል ማለት ነው። ጤነኛ ስልክ ላይ የእጅ ባትሪ ነኝ ያለ አጭበርባሪ አፕ የባንክ አፑን ዳታ መንካት አይችልም። ያረጀ ከርነል ላይ ግን ይህን እርግጠኛ ሆኖ መናገር አይቻልም።

ምንም ሳይነካ የሚገባም አለ። በፌብሩዋሪ 2020 የተዘጋው ብሉፍራግ በአንድሮይድ 8 እና 9 ላይ ብሉቱዝ ክፍት ሆኖ በአቅራቢያ ላለ ሰው ብቻ ይበቃው ነበር። ማርች 2023 ላይ ደግሞ የጉግል ተመራማሪዎች በኤክሲኖስ (ሳምሰንግ ራሱ የሚሠራው ቺፕ) ሞደሞች ላይ የተጎጂውን ስልክ ቁጥር ማወቅ ብቻ የሚጠይቁ ቀዳዳዎች እንዳሉ አሳወቁ። ያንተ ኤስ9 ቺፑ ስናፕድራገን ስለሆነ በዚያኛው አይነካም። እኛ ጋ የሞሉት ጋላክሲ ኤ12፣ ኤ13 እና ኤ21ኤስ ግን በዝርዝሩ ነበሩ። ፓች እስኪመጣ የተሰጠው ምክር ቮልቴን፣ ማለትም በ4ጂ የሚሄድ ጥሪን፣ እና የዋይፋይ ጥሪን ማጥፋት ነበር፤ ፓቹ ያልደረሰው ስልክ ዛሬም ምርጫው ያው ነው።

ጥገና_ቤት_መርካቶ

ሽቦ አልባ ያለው ልክ ነው፣ ቅደም ተከተሉ ላይ ግን አልስማማም። ገንዘብ የሚጠፋው በከርነል ቀዳዳ አይደለም። በኤፒኬ (ከስቶር ውጭ በፋይል የሚጫን አፕ) እና በኦቲፒ (በኤስኤምኤስ የሚመጣ የአንድ ጊዜ ቁጥር) ነው። አንድ ሰው ስልክ ደውሎ «ከቴሌ ነው፣ የመጣልዎትን ቁጥር ያንብቡልኝ» ካለና ከተነበበለት የ2025 ስልክም አያድንም። እናትህ ኦቲፒ ለማንም እንዳይሰጡ ማስለመድ ከየትኛውም አፕዴት ይበልጣል።

ከዚያ ኤፒኬ ነው። በ2023 ማኅበራዊ ሚዲያ ለወራት ተዘግቶ በነበረበት ጊዜ ቪፒኤን በፋይል እየተላላከ ስንት ስልክ ውስጥ እንደገባ መገመት አያቅትም። ዛሬም በቴሌግራም ቻናል የባንክ አፕ፣ «ፕሪሚየም» ቴሌግራም፣ የኳስ መመልከቻ እየተባለ ይለጠፋል። እነዚህ ከርነል ሰብረው አይደለም የሚሰርቁት፤ አክሰሰቢሊቲ (ስክሪን አንብቦ በሰው ፈንታ የመንካት ፈቃድ) እንዲፈቀድላቸው ይጠይቃሉ፣ ሰው ይፈቅዳል፣ ከዚያ ስክሪኑን ያነባሉ፣ በባንኩ አፕ ላይ የውሸት ገጽ ደርበው ፒን ይቀበላሉ፣ ኤስኤምኤሱን ያነባሉ። የስልኩ እርጅና የሚጎዳው እዚህ ጋ ነው፦ አንድሮይድ 13 ከስቶር ውጭ የተጫነ አፕ አክሰሰቢሊቲ እንዳያገኝ መሰናክል አለው፤ አንድሮይድ 10 የለውም። አንድ ጊዜ «አላው» ከተባለ አለቀ።

ኤስ9ኙን ለእናትህ ከመስጠትህ በፊት ይህን አድርግ፦

1. ፋክተሪ ሪሴት አድርገው። በሌላ ሰው እጅ የቆየ ስልክ ባለበት አይወረስም።
2. ሴቲንግ፣ ባዮሜትሪክስ ኤንድ ሴኩሪቲ፣ ኢንስቶል አንኖውን አፕስ ግባ። ቴሌግራም፣ ክሮም፣ ማይ ፋይልስ፣ ዋትስአፕ ሁሉም መጥፋት አለባቸው። በዚያው ገጽ አዘር ሴኩሪቲ ሴቲንግስ ውስጥ ዲቫይስ አድሚን አፕስን እይ፤ ከፋይንድ ማይ ዲቫይስ ሌላ ነገር ካለ ጠይቅ።
3. ሴቲንግ፣ አክሰሰቢሊቲ፣ ኢንስቶልድ ሰርቪስስ። ያልታወቀ ስም በርቶ ካየህ ያ ስልክ ተይዟል ብለህ ቁጠር።
4. ቴሌግራም ላይ ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ ውስጥ አውቶማቲክ ሚዲያ ዳውንሎድን አጥፋ። በጁላይ 2024 የተጋለጠው ኢቪልቪዲዮ ኤፒኬን ቪዲዮ አስመስሎ ይልክ ነበር፤ 10.14.5 ላይ ተዘግቷል። አውቶ ዳውንሎድ የበራበት ስልክ ቻቱን እንደከፈተ ፋይሉን ያወርደው ነበር። መጫኑ ግን የሰው ፈቃድ ይፈልግ ነበር፤ ቁጥር 2 ለዚህ ነው።
5. ኤምኤምኤስ አውቶ ሪትሪቭ ይጥፋ። ብሉቱዝ ካላስፈለገ ይዘጋ።

አንድ የተረሳ ነገር ልጨምር። ፕሌይ ስቶር ሲጫን አፕዴት የሚያደርገው በዋይፋይ ብቻ እንዲሆን ተደርጎ ነው። ዋይፋይ የሌለውና በዳታ ፓኬጅ የሚኖር ሰው ስልኩ አፕዴት አግኝቶ አያውቅም፤ ድጋፉ ያላለቀ ስልክ ይዞም ያው ነው። በሌሊት ፓኬጅ ክሮምን፣ ዌብቪውን፣ ጉግል ፕሌይ ሰርቪስስን፣ ቴሌግራምን፣ ዋትስአፕንና የገንዘብ አፖቹን ብቻ በእጅ ማደስ ይበቃል። የካሜራ ማሳመሪያውና ጌሙ ይቆይ። ሚሞሪው ሞልቶ ከሆነም አፕዴቱ ሳይጨርስ ይወድቃል፤ ከ2 እስከ 3 ጊጋባይት ነጻ ቦታ ተው።

ሌላ፦ የስልኩ ዓመት በእጅ ወደ እኛ አቆጣጠር ተቀይሮ ሲመጣ በብዛት አያለሁ። ስልኩ 2018 ላይ ነኝ ካለ የድረ ገጾች ሰርተፊኬት (የማንነት ማረጋገጫ) ሁሉ «ገና አልጀመረም» ይሆንበታል። ገጹ ቀይ ማስጠንቀቂያ ያወጣል፣ ሰውየው ማለፍን ይለምዳል፣ እውነተኛው ማስጠንቀቂያ ሲመጣም ያልፈዋል። ቀኑ አውቶማቲክ ላይ ይሁን። የኢትዮጵያ ቀን መቁጠሪያ ከተፈለገ በአፕ ይታያል። አንድሮይድ 7.0 እና ከዚያ በታች ያሉት ላይ ግን ቀኑ ልክ ሆኖም ይህ ማስጠንቀቂያ ይመጣል፤ ለብዙ ድረ ገጾች ሰርተፊኬት የሚሰጠውን የሌትስ ኢንክሪፕትን አዲሱን ሩት (መነሻ) ሰርተፊኬት አያውቁትም፣ ለእነሱ ተብሎ የተዘረጋው ማሸጋገሪያም 2024 ላይ አብቅቷል።

ብር_ጠባቂ

ገንዘቡ ላይ ልመልስ፤ ዋናው እሱ ነውና።

መጀመሪያ የሚለየው ኦቲፒ የሚቀበለው ሲም የትኛው ስልክ ላይ ነው የሚለው ነው። የባንኩ አፕና ኦቲፒ የሚመጣበት ሲም አንድ ያረጀ ስልክ ውስጥ ካሉ፣ ስልኩን የያዘ ሰው ሁለቱንም ቁልፍ ያዘ። ሲሙ በተን ስልክ ውስጥ ከሆነና ቁጥሩ በእጅ ከተገለበጠ ቢያንስ አፑን ሌላ ስልክ ላይ አስነስቶ መግባት ከባድ ይሆናል።

«እንግዲያው በዩኤስኤስዲ ይጠቀሙ» የሚሉ አሉ፤ ቴሌብር በ*127#፣ ንግድ ባንክ በ*889#። በተን ስልክ ላይ ከሆነ በከፊል እስማማለሁ፤ ማልዌር የሚጫንበት ቦታ የለም። ግን ነጻ አይደለም። አፑ ከባንኩ ሰርቨር ጋር የሚነጋገረው በራሱ ምስጠራ ነው። ዩኤስኤስዲ በራሱ ምስጠራ የለውም፣ የሚጠብቀው የኔትወርኩ የአየር ላይ ምስጠራ ብቻ ነው፤ 2ጂ ላይ ደግሞ ያ ደካማ ነው። ብዙ ስልክ ላይ ፒኑ ሲጻፍም ሳይደበቅ ይታያል፤ ታክሲ ውስጥ ከጎን የተቀመጠ ያነበዋል። የውሸት አንቴና ተክሎ አንዲት እናትን የሚያጠምድ ሌባ ብዙም የሚያሰጋ አይመስለኝም፤ ከጎን የሚያነበው ግን ያሰጋል።

ዩኤስኤስዲን እዚያው ኤስ9 ላይ መጠቀም ግን ምንም አይጨምርም። ከአንድሮይድ 8 ጀምሮ የጥሪ ፈቃድ ያለው አፕ ራሱ ዩኤስኤስዲ መላክና መልሱን ማንበብ ይችላል። ስለዚህ «አፑን አጥፍቼ በኮዱ እጠቀማለሁ» ማለት በሩን ዘግቶ መስኮቱን መክፈት ነው።

የምመክረው፦ ቴሌብር ውስጥ የወር አስቤዛ ብቻ ይቀመጥ። ቁጠባው ያለበት ሂሳብ ከዚህ ስልክ ጋር ጭራሽ አይያያዝ፤ በሞባይል ባንኪንግ ያልተመዘገበ ሌላ ሂሳብ ይሁን። ያን ጊዜ ስልኩ ቢጠለፍ የሚጠፋው ከፍተኛው ብር አስቀድሞ ይታወቃል። አፑ እንዳይጫን ከመሟገት ይልቅ ይህ ጣሪያ ነው የሚያድነው።

ሲሙ ላይ ፒን ይደረግበት። የመጀመሪያው ፒን ሲሙ ተሰክቶ የመጣበት ካርድ ላይ ነው። ሦስት ጊዜ ከተሳሳተ ፒዩኬ (መክፈቻ ቁጥር) ይጠይቃል፤ ፒዩኬው አሥር ጊዜ ከተሳሳተ ሲሙ ከጥቅም ውጭ ይሆናል፣ ስለዚህ ካርዱ ቤት ይቀመጥ። ስልክ ሲሰረቅ ሌባው የመጀመሪያ ሥራው ሲሙን አውጥቶ ሌላ ስልክ ላይ መክተትና ኦቲፒ መጠየቅ ነው፤ የሲም ፒን እዚያ ላይ ይገታዋል። ስክሪን ሎክ ብቻ ያለው ስልክ ላይ ግን ምንም የሚገታው የለም።

ቴሌግራምም የገንዘብ አፕ ነው ብለህ ያዘው፤ አካውንቱ ከተወሰደ በስሟ ለዘመድ ሁሉ ብር ይጠየቃል። ፕራይቫሲ ኤንድ ሴኩሪቲ ውስጥ ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን ይብራ፤ የይለፍ ቃሉን አንተም ያዘው።

ፖም_ነካሽ

አይፎን 7ን ማንም አልነካውም። ጉዳዩ ከአንድሮይድ ይለያል፣ አንዳንዱ ይሻላል አንዳንዱ ይብሳል።

የሚሻለው፦ አፕል ለአሮጌ ስልኮች አልፎ አልፎ ፓች ይመልሳል። ለአይፎን 5ኤስና 6 አይኦኤስ 12.5.7 የወጣው ጃንዋሪ 2023 ላይ ነው። ለ6ኤስና ለ7 የሚመጣው የ15.8 መስመር ነው፤ 15.8.4 በማርች 2025 ወጥቷል፣ ከዚያም በኋላ ቀጥሏል። ስለዚህ ሴቲንግ፣ ጀነራል፣ ሶፍትዌር አፕዴት ግባና ቁጥሩ 15 ብቻ ወይም 15.4 ምናምን ከሆነ ዛሬውኑ አሳድገው። ሆኖም እነዚህ ፓቾች በዋናነት አጥቂዎች በተግባር የተጠቀሙባቸውን ቀዳዳዎች ነው የሚዘጉት፤ አዲሱ ስልክ የሚያገኘውን ሁሉ አያገኙም።

የሚብሰው፦ አይፎን ላይ የድረ ገጽ ሞተሩ ከአይኦኤስ ጋር የተጣበቀ ነው። አንድሮይድ ላይ ክሮምን ማደስ ለብቻው ይረዳል። አይፎን 7 ላይ ግን ክሮምም ፋየርፎክስም ቢጫን ውስጡ ያው የአፕል ሞተር፣ ዌብኪት ነው፤ ብራውዘር መቀየር ምልክቱን ብቻ ይቀይራል። ሎክዳውን ሞድም (ጥቃት የሚገባባቸውን መንገዶች የሚዘጋው አማራጭ) ከአይኦኤስ 16 ጀምሮ ስለሆነ እዚህ የለም፤ አይፎን 8 እና ኤክስ ላይ ግን አለ።

አይሜሴጅና ፌስታይም የማትጠቀምባቸው ከሆነ አጥፋቸው፤ እኛ አገር አብዛኛው ሰው ያለው ቴሌግራም ላይ ነው። በጁን 2023 የተጋለጠው የትሪያንጉሌሽን ጥቃት የገባው በአይሜሴጅ ነበር፤ ተቀባዩ ምንም አልነካም። ለ15ኛው መስመር በ15.7.7 ተዘግቷል።

ሌላው ቼክ ኤም 8 ነው፤ ከአይፎን 4ኤስ እስከ አይፎን ኤክስ ያሉትን ሁሉ የሚነካ፣ በቺፑ ውስጥ የተቀረጸ ስለሆነ በአፕዴት የማይዘጋ ቀዳዳ። ጥቅም ላይ የሚውለው ስልኩ በእጅ ተይዞ በኬብል ሲገናኝ ነው፣ ሪስታርት ሲደረግም ይጠፋል። ስለዚህ ከጥገና ቤት ሲመለስ ቮልዩም መቀነሻውንና ፓወሩን አብረህ ተጭነህ የአፕል ምልክት እስኪመጣ ያዝ። ባለ 4 ወይም ባለ 6 አሃዝ ፓስኮድን በፊደልና ቁጥር ቀይረው። ያገለገለ ስትገዛም በኮምፒውተር ሪስቶር አድርገህ ጀምር፣ በስልኩ ላይ «ኢሬዝ» ማለት ብቻ አይበቃኝም።

ዋትስአፕ ከሜይ 2025 ጀምሮ 15.1 እና ከዚያ በላይ ይጠይቃል። አይፎን 7 ለጊዜው ያልፋል፣ አይፎን 6 ግን በዚያው ጊዜ ከዋትስአፕ ተቆርጧል።

ናሆም_22 (ጠያቂ)

በጣም አመሰግናለሁ። አየሁት፦ ክሮምና ዌብቪው አፕዴት ወስደዋል። ጉግል ፕሌይ ሲስተም አፕዴት ግን 2020 ላይ ነው፣ ብነካውም አይንቀሳቀስም። ካስተም ሮም ላይ የመለሰ የለም። ሊኒየጅ ኦኤስ የሚባለው ካስተም ሮም ለኤስ9 እንዳለ አይቻለሁ።

ሮም_ጫኝ

ላንተ ስልክ የለም። የሞዴሉ መጨረሻ ላይ ያለው «ዩ» የአሜሪካው ስናፕድራገን ማለት ነው፤ ሳምሰንግ የእነዚህን ቡትሎደር (ስልኩ ሲነሳ ሶፍትዌሩን የሚያስጀምረውን ክፍል) አይከፍትም። ዴቨሎፐር ኦፕሽንስ ውስጥ «ኦኢኤም አንሎክ» የሚለውን ብትፈልግ አታገኘውም። ሊኒየጅ የሚደግፈው ኤክሲኖስ የሆነውን ጂ960ኤፍን ነው፤ በአውሮፓና በባሕረ ሰላጤው የሚሸጠውን። ከዱባይ የመጣ ኤስ9 ይከፈታል፣ ከዋሽንግተን የመጣው አይከፈትም። «እከፍትልሃለሁ» የሚል ቤት ካጋጠመህ ወይ ስለ ሲም ሎክ ነው የሚያወራው ወይ ምንጩ የማይታወቅ ፋይል ሊጭንብህ ነው።

ቢከፈትም ለእናትህ አልመክረውም ነበር። ቡትሎደሩ ሲከፈት መጀመሪያ ዳታው ይጠፋል። ከዚያ የሳምሰንግ ያልሆነ ሶፍትዌር ሲጫን የኖክስ (የሳምሰንግ የደህንነት ስርዓት) ፊውዝ ይቃጠላል፤ ሴኪዩር ፎልደር (የተቆለፈው ማህደር) ኦሪጅናሉ ተመልሶም አይሠራም። ስልኩ ሲነሳ ሶፍትዌሩ እንዳልተነካካ የሚያረጋግጠው ፍተሻም ይቀራል፤ ስልኩን ለጥቂት ደቂቃ የያዘ ሰው የፈለገውን መጫን ይችላል። የጉግልን የኢንተግሪቲ ፍተሻ ስለማያልፍ የባንክ አፕ አልከፍትም ሊል ይችላል። ያን ለማለፍ ሩት አድርጎ (የስርዓቱን ሙሉ ሥልጣን ከፍቶ) ማታለያ ሞጁል መጫን ደግሞ ለደህንነት ተብሎ የተጀመረውን ሥራ ገልብጦ መጣል ነው።

ብዙ ሰው የማያየው፦ ሊኒየጅ የአንድሮይዱን ፓች ያድሳል፣ የሞደሙንና የድራይቨሩን ዝግ ፋይሎች ግን ከአምራቹ የመጨረሻ ሶፍትዌር ላይ ነው የሚወስደው። ራሱ ሊኒየጅም አይደብቀውም፤ ቬንደር ሴኩሪቲ ፓች ሌቭል ብሎ ለብቻው ያሳያል። ላይኛው ቀን አዲስ፣ ታችኛው አሮጌ ሆኖ ታየዋለህ። ሽቦ አልባ መጨረሻ ላይ የጠቀሰው ክፍል ሳይነካ ይቀራል። ገንዘብ ለማይነካ ስልክ ግን፣ ለንባብ፣ ለዩቲዩብ፣ በአንድሮይድ 8 ወይም 9 ለቀረ ስልክ ዌብቪውን መልሶ ሕያው ስለሚያደርግ ጥሩ ነው።

የኤስ9ህ ሶፍትዌር ኦሪጅናል መሆኑን ዳውንሎድ ሞድ በሚባለው ገጽ አረጋግጥ። አጥፋው፣ ቮልዩም መቀነሻ፣ ቢክስቢና ፓወርን አብረህ ያዝ፣ ማስጠንቀቂያው ሲመጣ ቮልዩም መጨመሪያውን ተጫን። ከረንት ባይነሪ ፊት ለፊት «ሳምሰንግ ኦፊሻል» ማለት አለበት፤ ዋራንቲ ቮይድ ዜሮ መሆን አለበት። አንድ ከሆነ የሆነ ሰው ሌላ ነገር ጭኖበት ያውቃል፣ ለገንዘብ አትጠቀምበት። ለመውጣት ቮልዩም መቀነሻንና ፓወርን ሰባት ሰከንድ ያህል ያዝ። ኬብል አታገናኝ፣ ሌላ ነገር አትንካ።

ሽቦ_አልባ

ሲስተም አፕዴቱ 2020 ላይ ከቆመ ሦስተኛው ክፍልም የለህም ማለት ነው። የቀሩህ አፖቹና ዌብቪው ናቸው። ከጥገና ቤት ጋር በአንድ ነገር እስማማለሁ፣ ኤፒኬ ካልገባ ያረጀው ከርነል ብዙ ጊዜ አይፈተንም። ከብር ጠባቂ ጣሪያ ጋር ከሆነ ለእናትህ እስከ ክሮም ማቆሚያ ድረስ ይቻላል እላለሁ። ክሮም አንድሮይድ 10ን ሲተው ግን የገንዘብ አፖቹ በዚያው ሳምንት ይውጡ። በየሦስት ወሩ የዌብቪውን ስሪት ማየት አትርሳ፤ ከአሮጌ ስልክ ላይ አፕዴት የሚቆመው ማስታወቂያ ሳይለጠፍ ነው።

ጋዜጠኛ ወይም በሥራው የሚፈለግ ሰው ከሆነ ግን መልሴ ይቀየራል፤ ኤስ9ኙንም አይፎን 7ቱንም አይያዝ።

ከፍራንክፈርት

ስለመግዛት። ዕድሜ የሚቆጠረው ስልኩ ከተዋወቀበት ቀን ነው፣ ከገዛህበት ቀን አይደለም። «ፓክድ ነው፣ አልተከፈተም» ተብሎ የሚሸጥ ኤስ10 ከ2023 ጀምሮ ፓች የለውም፤ ፕላስቲኩ አለመቀደዱ ምንም አይጨምርለትም።

ያገለገለ ሲገዛ ኤስ22 በ2022 መጀመሪያ ስለወጣ አምስት ዓመቱ 2027 መጀመሪያ ላይ ያልቃል። ኤስ21 ዓመቱን ጨርሷልና ርካሽ ቢሆንም እለፈው። ፒክስል 7 እስከ ኦክቶበር 2027፣ ፒክስል 8 እስከ ኦክቶበር 2030፤ ፒክስል 8 እና ኤስ24 የሰባት ዓመት ተስፋ ይዘው ነው የወጡት። ለእናት ግን ያገለገለ ፍላግሺፕ (የአምራቹ ውድ ሞዴል) ከመፈለግ አዲስ ርካሽ ይሻላል ባይ ነኝ፦ ጋላክሲ ኤ16 በ2024 መጨረሻ ወጥቶ የስድስት ዓመት ፓች አለው። ቀርፋፋ ነው፣ ካሜራውም እንደ ኤስ9 አይሆንም። ቴሌብርና ዩቲዩብ ግን ይሸከማል።

በጣም ርካሽ የሆኑት ላይ ተጠንቀቁ። በ2020 ቴክኖ ደብሊው2 የተባለው ሞዴል ትሪያዳና ኤክስሄልፐር የሚባሉ ማልዌሮች ከፋብሪካ ተጭነውበት እንደተገኙ ተዘግቧል፤ ኢትዮጵያም ከተጠቀሱት አገሮች አንዷ ነበረች። እንዲህ ያለው ማልዌር ሲስተሙ ውስጥ ስለሆነ ፋክተሪ ሪሴት አያጠፋውም። ካርድ ወይም ፓኬጅ ያለ ምክንያት እየተቆረጠ ከሆነ መጀመሪያ እሱን ጠርጥሩ።

ከአውሮፓ የምትልኩ ደግሞ፦ ከጁን 20 2025 በኋላ እዚህ ገበያ የገቡ ስልኮች የሞዴሉ ሽያጭ ካቆመ በኋላም ቢያንስ አምስት ዓመት አፕዴት እንዲያገኙ የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ያስገድዳል። ከዚያ በፊት ገበያ የገባ ስልክ ላይ ግን አይሠራም፤ ስለዚህ ለስጦታ ስትገዙ ገበያ የገባበትን ጊዜ ጠይቁ።

ኤስ9ኙ በመጨረሻ ሲቀየር ለልጆች ቪዲዮ ወይም ለሙዚቃ ያገለግላል፣ ያለ ሲምና በአዲስ ባዶ የጉግል አካውንት። ከሪሴቱ በፊት የድሮውን የጉግልና የሳምሰንግ አካውንት ከስልኩ ላይ አውጡ፤ ካልወጡ ስልኩ ሲነሳ የድሮውን ይለፍ ቃል ይጠይቃል፣ ያኔ ሰው ወደ ጥገና ቤት ሄዶ ምንነቱ ያልታወቀ መክፈቻ ያስጭናል። ከአዲሱ ስልክ ሆናችሁ ደግሞ ቴሌግራም ላይ ዲቫይስስ፣ ዋትስአፕ ላይ ሊንክድ ዲቫይስስ ገብታችሁ አሮጌው እዚያ ተዘርዝሮ ካገኛችሁት ሰርዙት።

ናሆም_22 (ጠያቂ)

ዳውንሎድ ሞዱን አየሁት፣ ኦፊሻል ነው፣ ዋራንቲ ቮይድ ዜሮ። የቴሌብሩ ሲም ወደ በተን ስልክ ይገባል፣ የቁጠባ ሂሳቧ ከአፑ ይለያል። ኤ16ን ዋጋ አጠያይቃለሁ። አይፎኑ 15.6 ላይ ነበር፣ አሁን 15.8 እያወረደ ነው።

ፖም_ነካሽ

ቻርጀር ላይ አድርገው፣ መሃል ላይ እንዳይጠፋ። ሲጨርስ አንዴ ተመልሰህ ሶፍትዌር አፕዴትን እይ፤ ከ15.8 በኋላ ነጥብ ያለው ሌላ ቁጥር ካመጣ እሱንም ጫነው።